ያውቁ ኖሯል? ከገደል ወድቆ አልጋ ላይ መንቃት

እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርግዎ ሲል እግርዎ በድንገት ተፈናጥሮ፣ ልብዎ እየዘለለ፣ ከአፋፍ ላይ የተወረወሩ ያህል ብርግግ ብለው ነቅተው ያውቃሉ? እንግዲያው ብቻዎን አይደሉም። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከመቶ ሰው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው በሕይወት ዘመኑ ይህን እንደቀመሰ ይናገራሉ። በሙያቸው ሂፕኒክ ጀርክ ይሉታል። በሽታ አይደለም።

የዛሬው ዓምዳችን ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ስለ መውደቅ ከተወራ እንደ ይፋት መውደቂያ የሞላው አገር ከየት ይገኛል?

ከአዲስ አበባ ተነስተው በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ሲጓዙ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ ካለፉ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይንደረደራል። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ላይ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ሰውየው ከመቀመጫው ሳይነሳ ወደ 1,700 ሜትር ወርዷል።

ለጨዋታ ያህል እናስላው። ሰው ከዚያ ከፍታ በአየር ላይ ቢወድቅ፣ የአየሩ ግፊት ፍጥነቱን እየገታው፣ መሬት ለመድረስ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ ይበልጥበታል። አልጋ ላይ የሚያባንነን ውድቀት ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

በዚያ ቁልቁለት ላይ ጆሮዎ የሚደፈነው ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር ከውጭው አየር ጋር እኩል እስኪሆን ነው፤ ምራቅ ሲውጡ ወይም ሲያዛጉ ይከፈታል። ስለ መውደቅ ለአንጎል የሚያሳብቀው ክፍል ግን ከዚያም ጠልቆ በውስጥ ጆሮ ነው ያለው። በየጎኑ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎችና ጥቃቅን የኖራ ጠጠር የተነጠፈባቸው ሁለት ከረጢቶች አሉ። ራስዎን ሲያዘነብሉ ጠጠሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይጎነበሳሉ፤ አንጎል «ወደ ታች» የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በእነዚህ ነው። ዓይን ተጨፍኖ፣ ጡንቻ ላልቶ፣ ሰውነት ከፍራሹ ጋር ሲዋሃድ ይህ ሁሉ ወሬ ይዘበራረቃል።

መባነኑ የሚመጣው እንቅልፍ ከመጽናቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ስስ ደረጃ ላይ ነው። ዋነኛው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ የነቃውን ሰውነት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የአንጎል ግንድ ክፍል ሥራውን ለእንቅልፍ ክፍል ሲያስረክብ ርክክቡ ሁልጊዜ በሥርዓት አይካሄድም። አንዱ ሲለቅ ሌላው ገና አልጨበጠም። በመካከል አንድ የነርቭ መልእክት ያመልጥና ወደ ጡንቻዎች ይወረወራል፤ እግር ይፈናጠራል፣ ክንድ ይወራጫል፣ ልብ ምቱን ያፈጥናል፣ አንዳንዴም ጩኸት ይከተላል። ከጎን የተኛው ሰው ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አንድ ርግጫ ይቀምሳል።

ነገሩን በሕክምና ጽሑፍ ቀድመው ካሰፈሩት አንዱ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሲላስ ዊር ሚቸል ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1890። ይኸው ሰው ቀደም ሲል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ወታደሮችን ሲያክም፣ የሌለ እግር እንደሚያሳክክና እንደሚያም መዝግቦ ለዓለም ያሳወቀ ነው። በሌለ እግር መታመምንም በሌለ ገደል መውደቅንም አንድ ሰው መጻፉ አይገርምም?

ሕልሙ ነው ያባነነኝ ይላሉ? ምናልባት ተገላቢጦሹ ይሆናል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚያዘነብሉት ሰውነት አስቀድሞ ይወራጫል፣ ከዚያ በኋላ አንጎል በቅጽበት ምክንያት ይፈልግለታል ወደሚለው ነው፤ ገደል፣ ደረጃ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ የሳተ እርምጃ። ፈረንሳዊው ምሁር አልፍሬድ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ በሕልሙ በፈረንሳይ አብዮት ችሎት ቀርቦ፣ ተፈርዶበት፣ አንገቱ በመቁረጫው ስለት ሲመታ እንደነቃ ተርኳል። ነቅቶ ቢያይ የአልጋው ራስጌ ብረት ወድቆ አንገቱን መትቶታል። ያ ሁሉ ችሎት ብረቱ ከነካው በኋላ በቅጽበት ተፈጠረ ወይስ ሲነቃ ተቀጣጠለ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

አሁን ወደ ጥንታዊቷ ድንቅነሽ (ሉሲ) እንሂድ። የይፋት ወንዞች ቁልቁል ወርደው የሚገቡት ወደ አዋሽ ነው። ያንኑ አዋሽ ተከትለው በአፋር በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢዘልቁ ሐዳር ይደርሳሉ፤ ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 የተገኘችበት ስፍራ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ከአጽሟ 40 በመቶው የተገኘ። ይህችው ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም የሞተችው የተባለላት መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ይህን ያለው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጆን ካፕልማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር በተባለው መጽሔት። አጽሟ ለዐውደ ርዕይ አሜሪካ ሄዶ በነበረበት ወቅት በሲቲ ስካን ተነስቶ ነበር፤ በምስሉ ላይ የቀኝ ትከሻዋ አጥንት የተሰበረበት አኳኋን ዛሬ ከፎቅ የሚወድቁ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸውን ሊመክቱ ሲሞክሩ ከሚደርስባቸው ስብራት ጋር ተመሳሰለበት። ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ዛፍ እንደወደቀችም ገመተ። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ግን አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላ በአፈር ክብደት የሚመጣ ነው፣ በዚያው አካባቢ በተገኙ የእንስሳት አጥንቶችም ላይ ሞልቷል ባይ ናቸው። ለእኔ የተቃዋሚዎቹ ሚዛን ይደፋል። ሆኖም አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሲገቡ ትከሻዋን ልብ ብለው ይዩት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ኩሊጅ የእንቅልፍ መግቢያው መባነን ከዛፍ ላይ ይተኙ ከነበሩ ጥንታዊ ፍጥረታት የተረፈን ልማድ ነው የሚል ግምት አቅርቧል። ጡንቻ ሲላላ አንጎል «ከቅርንጫፉ ልወድቅ ነው» ብሎ ተርጉሞ ያዝ! ይላል ነው ነገሩ። ግምት እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ይታወቅ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ዛሬም ገደል ላይ ነው የሚያድረው። ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ውሎ፣ ሲመሽ ነብርና ጅብ የማይደርሱበት የገደል እርከን ላይ ወርዶ ተቃቅፎ ይተኛል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። መንዝ ጓሳ አፋፍ ላይ ሆነው ሲመሽ ጭላዳዎቹ የሚወርዱበትን ገደል ቢመለከቱ ከሥሩ የተዘረጋው ቆላ ይፋት ነው።

የይፋት ገበሬም ከፍ ብሎ የሚያድርበት ወቅት አለው። ማሽላ ማፍራት ሲጀምር በማሳው መሐል በእንጨት ላይ ማማ ይቆማል። ቀን የሚያጠቃው ግሪሳ ወፍ ነው፤ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ እንግዲህ በቀን 10 ቶን፣ ማለትም 100 ኩንታል። ስለዚህ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ይወጣል፤ አባት በሌሊት ይተካዋል። ለመባነን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ደግሞ የተጠራቀመ ድካም፣ የተቆራረጠ እንቅልፍና ነቅቶ ለማደር መታገል ነው። ማማ ላይ ሸለብ ያደረገው ጠባቂ ብርግግ ብሎ ምሰሶውን ሲጨብጥ ስህተት ሠራ የሚለው ማን ነው? በዚያ ቦታ መባነን ጥቅም አለው።

ጨቅላ ሕፃን በጀርባው አስተኝተው ራሱን ቀለል አድርገው ቢለቁት ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ከዚያ እንደ ማቀፍ አድርጎ ይሰበስባል። ይህን የመዘገበው የሕፃናት ሐኪም ኤርንስት ሞሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1918፤ ዛሬም አዋላጆች የሕፃኑን ነርቭ ጤንነት ይመረምሩበታል። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል። ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ወይም በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን በዚህ ምክንያት ብዙም አይባንንም፤ እናቶቻችን ሞሮን ሳያነቡ ደርሰውበታል።

ከገደል ሲወድቅ ያለመ ልጅ «እያደግክ ነው» ይባላል። የሩሲያ አያቶችም በሕልሙ ለሚበር ልጅ ይህንኑ ይሉታል። ቁመትን የሚያስረዝመው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ መውደቁ ግን አንዲት ጣት አይጨምርም። ቢሆንም ለፈራ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማባበያ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የካናዳ ጥናት 1,181 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ሕልማቸው ጠይቆ ነበር። መባረርን በሕልሙ ያየ ከመቶ 81 ያህል፤ መውደቅን ያየ 74 ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካውያንንና ጃፓናውያንን ያነጻጸረ ጥናትም መውደቅን በሁለቱም አገር ከቀዳሚዎቹ ሕልሞች ተርታ አግኝቶታል። ሜዳ ላይ የተወለደም ገደል አፋፍ ላይ ያደገም በሕልሙ ይወድቃል።

በሕልሙ መሬት የነካ ሰው ይሞታል የሚባለው ተረት ነው። መሬት ነክተው፣ ተነስተው፣ አቧራቸውን አራግፈው ሕልማቸውን የቀጠሉ ሰዎች ሞልተዋል።

ይፋት እስላሙም ክርስቲያኑም ተዋዶ የኖረበት ቆላ ነው፤ ሕልም ሲነገር አንዱ «መልካም ይሁን» ሲል ሌላው «ኸይር ያድርገው» ይላል። በእስልምና ትምህርት ሕልም በሦስት ይከፈላል፦ ከፈጣሪ የሚመጣ ብሥራት፣ ከሰይጣን የሚመጣ ማስፈራሪያ፣ ሰው ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለው ነገር። መጥፎ ሕልም ያየ ሰው ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ብሎ፣ በአላህ ተጠብቆ፣ ጎኑን ቀይሮ እንዲተኛና ለማንም እንዳይናገር ይመከራል።  በሕልም ፈቺነት ስሙ የገነነው የባስራው ኢብን ሲሪን የሞተው እ.ኤ.አ. በ729 ነው፤ በስሙ የሚሸጡት ብዙዎቹ የሕልም ፍቺ መጻሕፍት ግን ከእርሱ ዘመን በኋላ የተጻፉ ናቸው።

በሸዋ በመውደቅ ስማቸው የሚነሳው ታላቅ ቅዱስ የቡልጋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ከደብረ ዳሞ አምባ በገመድ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቆረጠው፤ ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው በሰላም አረፉ። በብዙ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በክንፍ የሚሣሉት ለዚህ ነው።

መባነንና ዱካክ አይምታቱብዎ። በመባነን ሰውነት ይፈናጠራል፤ በዱካክ ሰውነት ይታሰራል። ሰው ነቅቷል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ግን ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ደረቱ ላይ አንዳች የተቀመጠበት ይመስለዋል፣ ጥላ ያያል፣ ሊጮህ ይሞክርና ድምፁ አይወጣም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ግልጽ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚሮጥበት ጊዜ፣ አንጎል አብዛኞቹን የሰውነት ጡንቻዎች ይቆልፋቸዋል፤ ባይቆልፋቸው ኖሮ በሕልም የሚሮጥ ሰው ከአልጋ ተነስቶ በሮጠ ነበር። አንዳንዴ ሰውየው ይነቃና ቁልፉ ሳይከፈት ለጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ይቆያል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ የደረሰበት ሰው ከመቶ 8 ገደማ ነው። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል።

ጫት ቃሚዎች ዱካክን በቅርብ ያውቁታል። በይፋት ቆላ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ቤት ብዙ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀ አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ወደ ገበያ የሚበረው። ምርቃናው ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል። የባሰው ግን ሲቆም ነው፤ ለዓመታት የቃመ ሰው ድንገት ሲተው የታፈነው ሕልም በአንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ቅዠቱም ዱካኩም ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ የሕክምና ጽሑፍ በእስራኤል በሚኖሩ የመናውያን ቃሚዎች ላይ ጫትን ከእንቅልፍ መግቢያ ቅዠት ጋር አያይዞታል። በእኛ አገር ብዙ ሰው ዱካኩን ፈርቶ ወደ መቃም ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ትንሽ ቢታገሡት የሚያልፍ ነገር ነው። ቀስ በቀስ መቀነስ ድንገት ከማቆም ይሻላል።

ቡናስ? ከጠጡት ቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቆርጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ካለቀ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደምዎ ውስጥ ነው። በረካውን የሚከለክል የለም፤ ወደ ከሰዓት በኋላ ማምጣት ግን ይቻላል።

እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት። ሸዋ ሮቢት ላይ ግንቦት ውስጥ ይህን ለማግኘት የሚደረገውን ትግል ነዋሪው ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ሲብስ ውጭ ማንጠፍ፣ አልጋውን ወደ ደጅ ማውጣት። አጎበሩን ግን ቤት ውስጥ ጥለውት አይውጡ። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አገር በጥቅሉ ወባማ ተብሎ ይቆጠራል፤ ትኩሳት ደግሞ ቅዠትን ከሚያስከትሉ ነገሮች አንዱ ነው።

በይፋት ሌሊት ብርግግ ብሎ የነቃ ሰው ግን አንድ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት፦ ምናልባት የተንቀጠቀጠው እርሱ ሳይሆን መሬቱ ይሆናል። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ የሸዋ ተረተር ከአፋር ዝቅታ የተለየበት፣ ምድር ራሷ የወደቀችበት መስመር። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ የካራቆሬን ቤቶች ጥሏል፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሰነጣጥቋል። በአገራችን ከተመዘገቡት ከባዶቹ አንዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ነበር፤ ታኅሣሥ 26 ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሲጠጋ ከተነሱት ጠንካራ ነውጦች አንዱ ከአዲስ አበባ ፎቆች ሳይቀር ሰው ከአልጋው አስነስቷል። እንዴት ይለዩታል? ወደ ላይ ይመልከቱ። የተንጠለጠለው አምፖል ከተወዛወዘ መሬት ነው፤ አምፖሉ ጸጥ ካለ ነርቭዎ ነው።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ መባነን አለ። በ2013 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ የአጣዬ ከተማ ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ከእንዲህ ያለ ነገር የተረፈ ሰው ያንኑ ሕልም ደጋግሞ ያያል፤ የሚነቃውም አንድ ሰከንድ በወሰደ መወራጨት ሳይሆን ዝርዝሩ ሁሉ ዓይኑ ላይ ተሥሎ፣ በላብ ተነክሮ ነው። ይህ ስም ያለውና የሚታከም ቁስል ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ክራኮው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው 168 ሴቶች ተሳትፈው ነበር። ሕክምናው ቀላል ይመስላል፦ ቅዠቱን በቀን ብርሃን ያስታውሱታል፣ መጨረሻውን እንደፈለጉ ይለውጡታል፣ የለወጡትን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በዓይነ ሕሊናቸው ይደጋግሙታል። የታከሙት ሴቶች ቅዠት ቀነሰ፤ እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የሚለው የአባቶች አባባል እዚህ ላይ የሕክምና ማዘዣ ሆነ ማለት ነው።

ለሾፌሮች፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ 67 ሜትር ያህል ይጓዛል። መሪ ላይ አንገት ደፋ ብሎ ብርግግ ማለት አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ተኝቶ እንደነበር ምስክር ነው። በጣርማበር ጠመዝማዛ ላይ 67 ሜትር የት እንደሚያደርስ ለሾፌር አይነገርም። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ይህ ነው፦ መኪናውን ዳር ማቆም፣ አንድ ስኒ ቡና መጠጣትና ወዲያው 15 ደቂቃ መተኛት። ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ሲነቁ ነው።

የስፔኑ ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ በዚች የእንቅልፍ ደጃፍ ይጠቀምባት ነበር። ከባድ ቁልፍ በጣቱ ይዞ፣ ከሥሩ ሳህን ገልብጦ፣ ወንበር ላይ ሸለብ ይላል፤ ጡንቻው ሲላላ ቁልፉ ሳህኑ ላይ ይወድቃል፣ ድምፁ ይቀሰቅሰዋል፣ በዚያች ቅጽበት ያየውን ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የፓሪስ ተመራማሪዎች ይህን ፈተኑት፤ 103 ሰዎች አንድ የተደበቀ መላ ያለበት የሒሳብ ሥራ ተሰጣቸው። በስስ እንቅልፍ ቢያንስ 15 ሰከንድ ከቆዩት 83 በመቶው መላውን ሲያገኙት፣ ነቅተው ከቆዩት 30 በመቶው ብቻ አገኙት። ወደ ጠለቀው እንቅልፍ የገቡት ደግሞ ይህን ጥቅም አጡት።

እየወደቁ የሚተኙም አሉ፤ ጠፈርተኞች በምድር ዙሪያ ሲዞሩ ክብደት የማይሰማቸው ሳያቋርጡ እየወደቁ ስለሆነ ነው። የመኝታ ከረጢታቸውን ከግድግዳ ጋር አስረው ይተኛሉ።

የማታ መባነንን ለመቀነስ የሚጠቅመው ጥቂት ነው፦ በቂ እንቅልፍ፣ በአንድ ሰዓት መተኛት፣ ከመኝታ በፊት ከባድ ሥራና ስፖርት አለመሥራት፣ ቡናውንና ጫቱን ከምሽት ማራቅ። መድኃኒት አያስፈልገውም። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፤ እንዲያውም ፈርቶ ሳይተኛ ያመሸ ሰው ይበልጥ ይባንናል።

አንድ ዓይነት መወራጨት ግን ችላ አይበሉት፤ እንቅልፍ ሲገባ ሳይሆን ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ የሚመጣውን። በተለይ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ያለ ልጅ ጠዋት ጠዋት እጁ እየተፈናጠረ የሻይ ብርጭቆ የሚጥል ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 የገጠር ነዋሪ 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ ክብሪት ማሽተትም አያድነውም። ርካሽና የቆየ መድኃኒት አለው። እንዲህ ያለ ልጅ በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ካለ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ።